ከድንጋዩ ላይ የተነሳው አበባ

ናጊሳ አበባውን በግራ እጇ ያዘች። ግራ እጅ «ዕቃው አለ» ማለት ነው።

የነጩ አበባ ግንድ በወረቀት ተጠቅልሏል። በወረቀቱ ላይ በእርሳስ የተከበበች አንዲት የደረቀች ጠብታ አለች። በጠብታዋ ውስጥ ያለው ዘረመል ሜላኖፕሲን የሚባለውን ብርሃን ለይቶ የሚያውቅ ፕሮቲን ይሠራል። ይኼኛው ደግሞ የተሻሻለው ነው፤ እንቅልፍ ያሳጣል።

የተቋሙ ዳይሬክተር በድብቅ ለውጭ ጦር ሊሸጠው ተስማምቷል። ናጊሳን በድብቅ የላካት የስለላ ቢሮ ሽያጩን የሚያስቆም ማስረጃ ይፈልጋል። ማስረጃው እጇ ላይ ነው።

ለዚህች ጠብታ ስትል የአይጥ ሳጥን ስታጥብ ኖራለች። ወገቧ አልቋል።

ከቤተ ሙከራው ጀርባ፣ በመታሰቢያው ድንጋይ ፊት፣ ሠራተኛው ሁሉ አበባ ይዞ ተሰልፏል። በየዓመቱ ለምርምር የሞቱትን አይጦች እንዲህ ያስባሉ።

«ዘንድሮም ዝናብ» አለች ከኋላዋ አንዷ። «አይጦቹ ተቀይመውናል።»

«አንቺን ነው እንጂ! በጅራት አንጠልጥለሽ የምትሮጪው አንቺ።»

ኢናጋኪ ባዶ እጁን መጣ። እዚህ የሚያውቁት የአይጥ መኖ ሻጭ ሆኖ ነው። በቢሮው ስሙ «ድልድይ» ነው፤ የእሷ «ጭጋግ»። በዕቅዱ መሠረት አበባዋን በትህትና ትሰጠዋለች። እሱ ወረቀቱን አስቀርቶ አበባውን ድንጋዩ ላይ ያኖራል።

ከዚያ በፊት ግን ፕሮፌሰር ኩራሞቺን መምራት አለባት። ፕሮቲኑን ያሻሻሉት ዓይነ ስውሩ ሽማግሌ ናቸው። ክንዷን ያዙ።

«ናጊሳ፣ ጠዋት ክፍሌ ገብተሽ መብራት አበራሽ።»

እግሯ ቆመ። ጠብታዋን የወሰደችው ያኔ ነበር።

«መምህር… እርስዎ እኮ…»

«አላይም። ግን ሰውነቴ ብርሃኑን ያውቀዋል። ስንት ዕውር አይጥ አብልተሽ ይኼን ረሳሽ?»

ረስታው ነበር። ዕውሮቹ አይጦች ሲነጋ ያውቃሉ። የሽማግሌውን ዓይን ግን እንደ ተዘጋ በር ቆጥራ ነበር።

«ለማን ነገሩ?»

«ለማንም። አንቺን የሸጠሽ የመኖው ሰውዬ ነው። ከዳይሬክተሩ ጋር ፊቴ ቆመው ተስማሙ፤ ስለማላይ የማልሰማም መስሏቸው። ወረቀቱን ይቀበልሻል፣ ዘበኞቹ ዋናው በር ላይ ይይዙሻል።»

ሰልፉ አንድ እርምጃ ሄደ።

«ፕሮቲኑን ለጦር አልሠራሁትም» አሉ። «እንደኔ ያለው ሰው ቀንና ሌሊቱን እንዲለይ ብዬ ነው። ሽያጩን ታስቆሚዋለሽ?»

«አላውቅም፣ መምህር። እሞክራለሁ።»

«እሱም ይበቃል። አበባሽን አምጪ።»

እሳቸው ከያዙት አበባ ጋር ተለዋወጡ። የእሳቸውም በወረቀት ተጠቅልሏል፤ ወረቀቱ ግን ባዶ ነው።

ኩራሞቺ ጎንበስ ብለው አበባዋን ከነወረቀቱ ድንጋዩ ላይ አኖሩት። እሷ የእሳቸውን ለኢናጋኪ ሰጠችው።

«ለአይጥ ልታለቅሺ የደረስሽ ትመስያለሽ» አለ ፈገግ ብሎ።

«ደክሞኝ ነው።»

ዞር ብሎ ወረቀቱን ገለጠ።

ፈገግታው ጠፋ።

እጁን አነሳ። ሁለት ዘበኞች ከበሩ መጡ።

«እኔ ነኝ!» ኩራሞቺ ጮኹ። «የወሰድኩት እኔ ነኝ! ኪሴን ፈትሹ!»

ሰልፉ ፈረሰ። ዘበኞቹ ሽማግሌውን በክንዳቸው ያዟቸው። ዳይሬክተሩ እየሮጠ መጣ። ኢናጋኪ የሽማግሌውን ኪስ ይገለብጣል። ድንጋዩን ማንም አላየውም። ለሙታን የተሰጠ አበባ አይነሳም፤ ይህን የማያውቅ በግቢው ውስጥ የለም።

ናጊሳ አነሳችው።

ወረቀቱን እጅጌዋ ውስጥ ከተተች። በቆሻሻ ማውጫው በር ወጣች። አልሮጠችም።

ከኋላዋ የሽማግሌው ድምፅ አሁንም ይሰማል። «ቀስ በሉ እንጂ፣ ጥቁር መነጽሬን ሰበራችሁት!»

ወረቀቱን ለቢሮው በፖስታ ላከች። በሳምንቱ፣ ሰሜን ባለች የወደብ ከተማ፣ ስልክ ደወለች።

«ዕቃው ደርሷል» አለ ከማዶ። «ሽያጩ ቆሟል። ‹ድልድይ›ም ተይዟል። ጥሩ ሥራ ነው።»

«ፕሮፌሰሩስ?»

«ታስረዋል። ሌባ ተብለው።»

«ሌባው እሳቸው አለመሆናቸውን እኮ ታውቃላችሁ።»

«ያንን ለመናገር አንቺ ማን እንደሆንሽ መናገር አለብን። ፕሮፌሰሩ የእኛ ሰው አይደሉም፣ ጭጋግ። በዚህ ቁጥር አትደውዪ።»

ተዘጋ።

የስልኩን እጀታ ሰቅላ ወጣች። አሁን ተደብቃ በምትሠራበት የዓሣ ገበያ ውስጥ ሴቶች ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጎንበስ ብለው ስኩዊድ የሚባለውን የባሕር እንስሳ ያጸዳሉ።

«አዲሷ!» አለቻት አለቃዋ። «ጓንትሽን አድርጊ። ሥራው እንዳይቆም።»

ጓንቷን አደረገች። ከሴቶቹ መሃል ገብታ አጎነበሰች።