በልጆች ማንጋ ውስጥ የተገኘው ዕልባት

ወይዘሮ ዋኩይ ቶሚኤ ማንጋ የሚባለውን የጃፓን ሥዕላዊ የታሪክ መጽሐፍ በሚያከራዩበት ሱቃቸው ጓዳ፣ ጉንጫቸውን ዝቅ ካለው ጠረጴዛ ላይ እንዳስደገፉ ሞተው ተገኙ። ፊታቸው ቀልቶ የተኙ ይመስሉ ነበር። ከኋላቸው የነበረው ማሞቂያ ላምባውን ጨርሶ ጠፍቷል። መጀመሪያ ያየቻቸው በዓሣ ፋብሪካው የምትሠራው ኔፓላዊት ፑርኒማ ናት። ከእሳቸው ጋር ማንጋ እያነበበች ጃፓንኛ ትማር ስለነበር፣ ጠዋት ከሥራ በፊት መጥታ ነው ያገኘቻቸው።

መርማሪ ናጋሴ ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልደከመችም። የማሞቂያው ጭስ ማውጫ በወፍ ጎጆ ተደፍኗል። ባለፈው ቀን ጠዋት ወይዘሮዋ ያስጠሩት ጠጋኝ መጥቶ ይህንኑ አይቶ፣ እስኪመለስ ድረስ ማንም እንዳይለኩሰው ማብሪያው ላይ የማስጠንቀቂያ ካርድ አንጠልጥሎ ነበር። ወይዘሮዋ ያን ጊዜ ገበያ ነበሩ። በር የከፈተለት የወንድማቸው ልጅ ሪዮሄ ነው፤ እሱም ካርዱ ይበቃል ብሎ ለአክስቱ ሳይነግር ወጣ። ይህን ሲናገር ዐይኑን ከወለሉ አላነሳም።

ካርዱ ግን ማብሪያው ላይ አልነበረም። ናጋሴ ጠረጴዛው ላይ ከነበረው የልጆች ማንጋ ውስጥ አገኘችው። አንድ ሰው ያቆመበት ገጽ እንዳይጠፋው ዕልባት አድርጎታል።

«እንግዲህ ግልጽ አይደል?» አለ ሪዮሄ። «ማንበብ የሚችል ሰው ‹አትለኩሱ፤ ያፍናል› የሚል ካርድ ዕልባት ያደርጋል? ማንጋ እያነበበች ቋንቋ የምትማር ደግሞ አንዲት የውጭ አገር ሰው ናት።»

ለናጋሴም እንደዚያው መሰላት። የፋብሪካው አለቃ ልጅቷ ከተከሰሰች በዚያው ሳምንት ወደ አገሯ እንደምትመለስ ለመርማሪዋ ነግሯታል። ፑርኒማ ይህን ሰምታ ስለነበር፣ ስትጠየቅ እጆቿን ጉልበቷ መካከል ቀብራ ነው የተቀመጠችው። ናጋሴ ካርዱን ፊቷ አኖረችው። ልጅቷ ሳትደናቀፍ አነበበችው፤ ቀጥላም ከቦርሳዋ ስለ ፍርድ ቤት የሚያወራ ወፍራም የአዋቂዎች ማንጋ አወጣች።

«የልጆቹ ላይ ከከባዱ የቻይና ፊደል ጎን ድምፁን የሚነግሩ ትንንሽ ፊደላት አሉ። እኔ ግን ከነሱ ከወጣሁ ቆየሁ። እማማ ቶሚኤ ‹ምርኩዝሽን ጣይ› ብለውኝ ነው።»

«ታዲያ ይሄ የልጆች መጽሐፍ የማን ነው?»

«ከሰዓት የሚመጣ ተማሪ አላቸው። ማን እንደሆነ ስጠይቃቸው ‹እያፈረ የሚማር ሰው ስሙ አይጠራም› አሉኝ።»

ናጋሴ ካርዱን አነሳች። ልጅቷን ብዙ ነገር ጠይቃታለች፤ ማንበብ ትችል እንደሆነ ግን አልጠየቀቻትም።

ከሰዓት ወደ ሱቁ ይመላለሱ የነበሩት የሰፈሩ ሊቀመንበር፣ ባለ ጀልባው አቶ ኢሶቤ ካንዞ ናቸው። ለልጅ ልጃቸው መጽሐፍ እንደሚዋሱ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ወደቡ ላይ መንጠቆ ሲያስሩ አገኘቻቸው።

«መርማሪ ሲመጣ ዓሣው ይሸሻል» ብለው ቀለዱ።

የዚያን ቀን መጽሐፉን በር ላይ አድርሰው እንደተመለሱ፣ ጓዳ እንዳልገቡ ነገሯት። የጻፈችውን እንዲያዩላት ወረቀቱን ስትዘረጋላቸው መነጽር ቤት መርሳታቸውን ነግረው፣ ራሷ እንድታነብላቸው ለመኗት። ይህን እያሉም ጸጉር የሚያህለውን ክር በመንጠቆዋ ቀዳዳ በአንድ ጊዜ አሾለኩት። ናጋሴ ይህን አይታ ወረቀቱን ራሷ አነበበችላቸው።

በማግስቱ ሦስቱንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸውና የየራሳቸውን ቃል ጽፋ ሰጠቻቸው፤ አንብበው በፊርማ ፈንታ የስም ማኅተማቸውን እንዲያደርጉበት ነው። ሪዮሄ ሁለት ቦታ አሳረማት። ፑርኒማ በጣቷ እየተከተለች እስከ መጨረሻው አነበበች። አቶ ኢሶቤ ወረቀቱን ራቅ አድርገው ያዙ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ልክ ነው» ብለው አተሙበት።

«ካርዱን ዕልባት ያደረገው ምን እንደሚል ያላወቀ ሰው ነው» አለች ናጋሴ። «ሪዮሄ ካርዱ ሲንጠለጠል ቆሞ አይቷል፤ ስለዚህ እሱ አይደለም። ፑርኒማ ካርዱን ከእኔ እኩል ታነባለች፤ መጽሐፉም የሷ አይደለም። ወይዘሮ ቶሚኤ ካርዱን ቢያዩት ኖሮ እዚያ ክፍል አይቀመጡም ነበር። ወደ ጓዳው ሲገቡ ክፍሉ ሞቆ ስላገኙት ማሞቂያው ተጠግኗል ብለው አስበው ይሆናል።»

«ታዲያ አገሬው መሀል ማንበብ የማይችል ማን አለ?» አለ ሪዮሄ እየሳቀ።

ናጋሴ አልሳቀችም። «አቶ ኢሶቤ፣ እርስዎ ባተሙበት ወረቀት ላይ ‹ጓዳ ገብቼ ማሞቂያውን የለኮስኩት እኔ ነኝ› የሚል ጽፌበታለሁ። ልክ ነው አሉኝ።»

የሪዮሄ ሳቅ አፉ ላይ ቀረ። ሽማግሌው ማኅተማቸውን በመዳፋቸው ጨበጡ።

«ልጅ ሆኜ አባቴን ባሕር ወሰደው፤ እኔ ከትምህርት ቤት ወደ ጀልባ ሄድኩ» አሉ። «ያን ቀን ስንማር የዋልነው ከፊት ሱቁ ውስጥ ነው፤ ወደ ጓዳ ስገባ እሷ ወጥ ቤት ፍራፍሬ ትልጥልኝ ነበር። ስትመለስ እንዳይበርዳት ብዬ ካርዱን አንስቼ ለኮስኩት። ምን ይላል ብዬ ልጠራት ነበር። ብቻ ከሰዓቱን ሙሉ ስጠይቃት ስለዋልኩ አፈርኩ። ፍሬውን እንኳ ሳልቀምስ ለስብሰባ ወጣሁ።»

«ይቺን ልጅ ስንጠረጥራትስ?»

«ያን ጊዜም አፈርኩ። የባሰው እሱ ነው።»

ናጋሴ የታተመውን ወረቀት ቀደደችው። ሰውን በድካሙ አጥምዳ ያገኘችው ማኅተም አሳፍሯት ነበር። አሁን የተናገሩትን እንደ አዲስ ጽፋ አቀረበችላቸውና፣ የራሳቸውን ቃል ራሳቸው ማንበብ እንዳለባቸው ቀስ ብላ ነገረቻቸው። አቶ ኢሶቤ ወረቀቱን አዩት፤ አንገታቸውን ደፉ።

ፑርኒማ ማንም ሳይጠይቃት እርሳስ አወጣች። ወይዘሮ ቶሚኤ ይቀመጡበት በነበረው በኩል ተቀምጣ፣ ከእያንዳንዱ ከባድ ፊደል ጎን ትንንሾቹን ፊደላት እንደ ልጆቹ ማንጋ አድርጋ ጻፈች። ሽማግሌው ወፍራም ጣታቸውን መጀመሪያው ቃል ላይ አሳርፈው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ስማቸውን አነበቡ። ጓዳ መግባታቸውን አነበቡ።

ስለ ማሞቂያው ከሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። እርሳሱ ደብዝዞ ነበር። ፑርኒማ አልቀደመቻቸውም፤ እማማ ቶሚኤ ያደርጉት እንደነበረው ጠበቀች።

አቶ ኢሶቤ ቀና ብለው ተራ በተራ ሁሉንም አዩ፤ ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ይሄ ምን ይላል፣ ልጄ?»