ሬሳው የተመለሰበት ድልድይ

ቃሬዛው ጫካው ውስጥ ሲገባ ጉሬዛዎቹ ዝም አሉ። በየማለዳው ዛፉን በጩኸት የሚያናውጡት እንስሳት ጉሙ ውስጥ ቁጭ ብለው ቁልቁል ያያሉ። አራት ሰዎች ታማሚዋን ከውሰርን ተሸክመው በቡናው መሃል ይሮጣሉ። ባሏ ቲጃኒ ከፊት ነው፤ አዋላጇ የኔነሽ ጣቷን ከታማሚዋ የደም ስር ሳታነሳ ከጎን ትከተላለች። አምቡላንሱ ሸቤ ከተማ አስፋልቱ ላይ ቆሟል፤ በእግር ሁለት ሰዓት ይቀራል።

በሰባት ዓመት ትዳር የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነበር። ትናንት ሆዷን ሲያማት አማቷ ፅንሱ ቦታ እየያዘ ነው ብለው በቅቤ ሲያሿት ዋሉ። የኔነሽ ግን ዛሬ እንዳየቻት፣ ፅንሱ ከማህፀን ውጭ፣ የእንቁላል ቱቦው ላይ ሳይሆን እንደማይቀር፣ ካልደረሱ ደሟ ወደ ውስጥ ፈስሶ እንደሚያልቅ ተናገረች።

ዝናቡ መጣ። ቀዩ አፈር አዳለጣቸው፤ ሁለት ጊዜ በጉልበታቸው ወደቁ፣ ቃሬዛውን ግን አልጣሉም። ከሥሩ ደም መንጠባጠብ ሲጀምር ከኋላ ጉሙ ውስጥ ኮቴ ተሰማ። ሲቆሙ ይቆማል፣ ሲሄዱ ይከተላል።

«ጅብ ነው» አለ ሙሀጅር፣ ከተሸካሚዎቹ አንዱ። «አይዟችሁ፣ እኔ አጥንት ብቻ ነኝ፤ ቲጃኒን ነው የሚመርጠው።»

ቲጃኒ ድንጋይ ወረወረ፤ ኮቴው ራቀ።

«ቲጃኒ» አለች ከውሰር ዓይኗን ሳትገልጥ። «ትከሻዬ ላይ የተቀመጠውን ሰው አውርድልኝ።»

ማንም አልነበረም። ተሸካሚዎቹ ግን ቃሬዛው የከበደ መሰላቸው።

ወንዙ ሞልቶ በግንድ ድልድዩ ሥር ያጓራል። መሃል ሲደርሱ ከማዶ ጉሙ ውስጥ ሌላ ቃሬዛ ብቅ አለ፤ እንደ ከውሰር ሁሉ በነጭ ጋቢ ተሸፍኗል። ቀብር ነበር። በዚያ አገር መንገዱ የሬሳ ነው፤ ከቤት የወጣ ሬሳ ወደ ኋላ አይመለስም።

«ተመለሱ» አለ ቲጃኒ ተሸካሚዎቹን፣ ወጉ እንደሚያዘው አንገቱን ደፍቶ።

«አንድ እርምጃ እንዳትመለሱ!» አለች የኔነሽ። ስልሳ ቀባሪ አንድ በአንድ እስኪሻገር የከውሰር የደም ስር ምት እንደማይቆይ ታውቃለች።

ከሬሳው ፊት የቆሙት ሽማግሌ ኦቦ ጀቤሳ በቁጣ ቀረቡ። «ሙት በሙት ላይ አይጋፋም፣ ልጄ። የእናንተም ሬሳ ይጠብቅ።»

ያኔ ከጋቢው ሥር ድምፅ ወጣ፦ «ትከሻዬ… አውርዱልኝ።»

ሽማግሌው ደነገጡ። «ማን ተቀምጦባት ነው?»

«ማንም የለም፣ አባቴ። ሆዷ ውስጥ የፈሰሰው ደም ነው፤ ሽቅብ ሲገፋ ትከሻ ላይ ያማል» አለች የኔነሽ።

ኦቦ ጀቤሳ ፊቷን ገልጠው አዩ፤ ከዚያ ወደራሳቸው ሬሳ ዞሩ።

«የእኔ ልጅ አይቸኩልም» አሉ። «መልሱት።»

ስልሳው ሰው ሬሳውን ይዞ ወደ ጉሙ ተመለሰ።

ጅማ ሆስፒታል ዶክተር ሶሲ የፈነዳውን ቱቦ አወጣች። ከሳምንት በኋላ የቱቦውን የምርመራ ውጤት ይዛ ገባች። ቱቦው ላይ ቲቢ ተገኝቷል፤ ከውሰር ሳይሰማት ውስጧ ኖሮ ቱቦውን አጣብቆ ፅንሱን መሃል መንገድ ያስቀረው እሱ ነው። ሳል እንኳ አልነበራትም ብሎ ቲጃኒ ተከራከረ። ቲቢ ሳንባ ላይ ብቻ እንደማይቀመጥ፣ መድኃኒቱ ስድስት ወር እንደሚፈጅ፣ ዳግም ስለማርገዟ ግን ቃል እንደማትገባ ነገረችው።

የመጨረሻውን ወር መድኃኒት ይዘው ሲመለሱ ኦቦ ጀቤሳን ድልድዩ አጠገብ፣ በልጃቸው መቃብር ላይ አገኟቸው። ቲጃኒ ያን ቀን ተሸካሚዎቹን ተመለሱ ያለው እሱ እንደነበር፣ የተመለሰው ግን የእሳቸው ልጅ መሆኑን ተናግሮ ይቅርታ ጠየቀ።

ሽማግሌው ከውሰርን ብቻ ነበር የሚያዩት።

«ትከሻሽስ?»

«ያን ቀን ድልድዩን ስንሻገር ለቀቀኝ፣ አባቴ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ ቃሬዛ ሲያይ ሮጦ ነበር ትከሻውን የሚያስገባው።»

ቲጃኒ ጎንበስ ብሎ ከመቃብሩ ላይ አረም መንቀል ጀመረ።