በምን ትከሰዋለህ?

ክረምቱ ከፋ። የቀበና ወንዝ የድሆችን አጥር ጠራርጎ ወሰደ። ጤፍ ተወደደ። ሰው ከሰው ተፈራራ።

ላምበረት መናኸሪያ፣ ረፋድ ላይ።

አንዱ ተሸካሚ ጆንያ አወረደ። ሌላው አነሳ። ውስጡ ሽጉጥ ነበር።

«ዋርካ» ጥግ ይዞ አየ። ሰፈሩ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ መምህር ምንያህል ብሎ ነው። የደኅንነት ሰው ነው፤ ዋርካ የምስጢር ስሙ ነው። መሣሪያ አሻጋሪዎቹን ስለ ጥበቃው የሚያስጠነቅቀውን ሰው ፈልግ ተብሏል።

ዛሬ የምጠብቀው ዋናውን በር ነው ብሎ የነገረው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። ለአለቃው ለተክለጻድቅ።

ጆንያው በጓሮ በር ወጣ። ዋርካ ግን የቆመው እዚያ ነበር።

ዋርካ የተሸካሚውን ክንድ ጠመዘዘ።

«የናንተው ሰው ነው የሚነግረን! ልቀቀኝ ወንድሜ!»

ለፖሊስ አስረከበው።

ተክለጻድቅ እንጦጦ፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ጠበቀው።

«የምትፈልገው ሰው ተገኘ። ዋቅቶላ፣ ጆንያ ሻጩ። አስረነዋል። ከሰዓት ግምገማ ላይ ቆመህ ትከሰዋለህ።»

«በምን?»

«አንተ ክሰስ። በምኑ ይደርሳል።»

ዋርካ ጥርሱን ነከሰ። በደርግ መጨረሻ፣ ሲያሳድዱት፣ ዋቅቶላ ጆንያ ክምር ሥር ሸሽጎታል። ተገርፎም ትንፍሽ አላለም።

ትናንት ማታ ሲያስተምር ሰሌዳው ላይ «አኪዩዝ» ብሎ ጽፎ ነበር።

«እገሌ ይህን አጠፋ ብሎ መወንጀል ነው።»

«ታዲያ አጥፍቷል ማለት ነው?» አለች አስቴር፣ ልብስ ሰፊዋ ተማሪው።

«አይደለም። ቃሉ መባሉን እንጂ ማጥፋቱን አይናገርም።»

«ውይ! ይህን ሰፈራችን በሰማ!»

ተሳቀ። እሱ አልሳቀም።

በግምገማ የመናገር ዕድል የተሰጠው አይቋረጥም። ክስ የተነሳበትም፣ አለቃ ቢሆን፣ ጥሎ አይወጣም። ተክለጻድቅ ሌላውን ሲያስገመግም ኖሮ ይህን ረስቷል።

ከሰዓት ግምገማው ላይ ዋርካ ቆመ።

«ጓድ ተክለጻድቅን እከሳለሁ።»

«አብደሃል? ቁጭ በል!»

«አታቋርጠው» አለች ከበላይ የመጣችው ሰብሳቢ። «በምን?»

«አሻጋሪዎችን በማስጠንቀቅ። የምጠብቀውን በር ለሱ ብቻ ነገርኩ። እነሱ በሌላው ወጡ። ተሸካሚውን ፖሊስ አምጥቶታል፤ ደጅ ነው፤ ይጠየቅ።»

ተሸካሚው ገባ። ጣቱን ተክለጻድቅ ላይ ቀሰረ።

የተክለጻድቅ እጅ ወደ ወገቡ ሄደ።

ቀድመው ያዙት።

«ማንነትህን ላምበረት ሁሉ ያውቃል!» ሲወስዱት ጮኸ። «አስነግሬያለሁ! ከእንግዲህ መምህር የለም!»

እውነቱን ነበር።

በማግስቱ ዋቅቶላ ገና ከእስር መውጣቱ ነው፤ ወሬውን ሳይሰማ፣ ዓይኑ አብጦ ሱቁ ደጃፍ ተቀምጧል። ዋርካ ሻንጣ ይዞ አለፈ።

«መምህር! ወዴት ነው? ተማሪዎቹስ?»

«ዘመድ ታሞብኝ ነው፣ ጋሽ ዋቅቶላ።»

«በሐሰት ወንጅለውኝ ነበርኮ። ማን እንዳስፈታኝ እንኳ አላወቅሁም።»

«ከወጡ ይበቃል።»

ዋርካ የጆንያውን ክምር ዳሰሰ። የያኔው ዕዳ ተከፈለ።

አውቶቡሱ ውስጥ ስሙን ጠየቁት። ሌላ ስም ተናገረ።