ከመጽሐፉ ላይ የሌለው

ዓይናዲስ ያን ቀን አፏን ብትይዝ ኖሮ ምን ነበረበት! ግን መጽሐፍ አከራይ ናት፤ መጽሐፍ ሲነኩባት አያስችላትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎንደር ተወልዶ ያደገው አለበል የተወነበት ፊልም አዲስ አበባ ላይ ተወዳደረና እሱ በምርጥ ተዋናይነት ተሸለመ። ፊልሙ ከልቦለድ የተሠራ ነው፤ ሚስቱንና ትንሽ ልጁን ጥሎ ስለሚሄድ ሰው። ፊልሙ ጎንደር ሲመጣ የከተማው ሰው «ልጃችን አኮራን» ብሎ አዳራሹን ሞላው። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ አስተያየት ስጡ ተባለ፤ ከዚያ በኋላ ማን ይቻለው! መጽሐፉን ያነበበው «አበላሹት» ይላል፤ ያላነበበው «ምኑ ጎደለና?» ይላል።

ከሁሉ በላይ ያነታረከቻቸው ግን አንዲት ቦታ ነበረች። ሰውዬው ሊሄድ ሲል ይንበረከክና የልጁን ሹራብ ቁልፎች ከታች ጀምሮ እስከ አንገቱ ይቆልፍለታል። ጉንጩን መታ መታ ያደርገዋል። ከዚያ ይወጣል፤ በዚያው ይቀራል። አንዱ «ሽልማቱን ያገኘው በእሷ ነው» አለ። ሌላው «እኔስ እዚያ ላይ ጠላሁት» አለ።

ዓይናዲስ ተነሳች።

«መጽሐፉ ላይ ቁልፍ የሚባል ነገር የለም። ሰውዬው ተደብቆ ነው የሚወጣው። ልጁን ለመጣል የቆረጠ ሰው ብርድ እንዳይመታው ብሎ ሹራብ አይቆልፍም። ይኼ ለካሜራ የተሠራ ነው፤ እውነት አይደለም።»

ከኋላዋ አንድ ድምፅ «ይቆልፋል» አለ።

ዞር ብትል ራሱ አለበል ነው። ቁጣ አልነበረበትም፤ ዓይኖቹ ግን ከእሷ ላይ አልተነሱም።

በማግስቱ ፒያሳ ካለችው ትንሽ ሱቋ ብቅ አለ።

«መጽሐፉን አከራዪኝ።»

«ሳታነበው ነው እንዴ የተወንከው?»

«አንብቤዋለሁ። ምናልባት ያንቺ ላይ ሌላ ነገር ተጽፎ እንደሆነ ብዬ ነው።»

ሳቀች። ሳቋን ለመያዝ ሞክራ ነበር፤ አልሆነላትም። መጽሐፉን ሊመልስ መጣ፤ ሌላ ሊወስድ መጣ፤ ኋላማ መጽሐፉም ቀረና እሱ ብቻ መምጣት ጀመረ። ስለ ፊልም ይከራከራሉ፣ ስለ ልቦለድ ይከራከራሉ፣ እሱ ይሸነፍላታል፣ እሷ «ሆን ብለህ ነው የተሸነፍከው» ብላ ትቆጣለች። እንዲህ እንዲህ ሲሉ ተዋደዱ።

ግን ፍርሃቱ አለ። «እወድሻለሁ» ሲላት ፊቱን ትመረምረዋለች። ያ አዳራሽ ሙሉ ሰው ያስለቀሰ ፊት ነው። ይኼንንስ ተለማምዶት ይሆን? ብላ ታስባለች፤ ከዚያ በራሷ ታፍራለች፤ ከዚያ መልሳ ታስባለች።

አንድ ቀን ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ሲወርዱ ነፋሱ በረታ። አለበል ቆም አለና የሹራቧን ቁልፎች ይቆልፍላት ጀመር፤ ከታች ወደ ላይ፣ ቀስ ብሎ። እጁን ገፋችው።

«ምነው?» አላት።

«ምንም። አልበረደኝም።»

እየተንቀጠቀጠች ነበር።

ሊጋቡ ወስነው ሽማግሌ የሚላክበት እሁድ ሲቃረብ ደግሞ የአባቷ ነገር ተጨመረ። አያ ክንዱ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ናቸው። ተዋናይ ነው ሲባሉም «ሥራ ከሠራ ሸጋ ነው» ብለው ነበር። ታዲያ ለጉዳይ ወደ ጎንደር ሲወርዱ አውቶቡሱ ውስጥ ያንኑ ፊልም አይከፍቱባቸው መሰላችሁ! ከመኪናው ወርደው በቀጥታ ልጃቸው ሱቅ መጡ። ሰላምታ እንኳ የለም።

«ይኼ ነው ሰውሽ?»

«ፊልም እኮ ነው፣ አባዬ።»

«ፊልም መሆኑ ጠፍቶኝ ነው? በዚህ መንገድ ስንቱን ፊልም አይቻለሁ። ሌሎቹ ሲያለቅሱም ሲጣሉም ውሸታቸው ያስታውቃል። ይኼ ልጅ ግን ሲሄድ የእውነቱን ነው የሄደው። ሰው ከውስጡ የሌለውን እንዲያ አድርጎ አያወጣም።»

«ደራሲው የጻፈለትን ነው የሠራው።»

«ቁልፉ መጽሐፉ ላይ የለም ብለሽ በስልክ ስትነግሪኝ አልነበረም? ማንበብ ባልችል መስማት ያቅተኛል?»

በገዛ አፏ ነው የተያዘችው። ከሁሉ ያናደዳት ደግሞ አባቷ መሳሳታቸው አይደለም፤ እሷ ስንት ጊዜ ደብቃ ያሰበችውን ጮክ ብለው መናገራቸው ነው።

«እሁድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ልጁም አብሮ ይምጣ» አሏት።

«አባዬ፣ ልጁ ከሽማግሌ ጋር አይመጣም እኮ! ደንቡ…»

«ደንቡን ለእኔ ታስተምሪኛለሽ? ይምጣ። የምጠይቀው አለኝ።»

ዓይናዲስ ሱቋን ዘግታ አለበልን ከሚለማመድበት አዳራሽ ጠርታ አወጣችው። ወደ ወለቃ በሚወስደው መንገድ ብዙ ከሄዱ በኋላ ነው አፏን የፈታችው።

«ያን የሹራብ ነገር ከየት አመጣኸው?»

አለበል ቆመ። «ከዚያ ቀን ጀምሮ ትጠይቂኛለሽ ብዬ ስፈራ ነበር» አለ። «አባቴ ነው። ተንበርክኮ ቆለፈልኝ፤ ‹እናትህን እንዳታስቸግር› አለኝ፤ ሄደ። መተማ ለሰሊጥ ሥራ ነው የተባለው። እዚያው ሌላ አግብቶ ቀረ።»

«አባትህ በወባ ሞቶ የለም እንዴ?»

«እናቴ ናት ሞተ ያለችው። ባሏ ጥሏት ሄደ ከሚሏት ባሏ ሞተባት ቢሏት ተሻላት። ጥቁር ለበሰች። ጎረቤት አለቀሰላት። ቄስ ወልደ ዮሐንስ ፍትሐት ጸለዩለት፤ ተዝካር ወጣለት። ለቁም ሰው።»

ዓይናዲስ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቄስ ወልደ ዮሐንስ የእናቱ የወይዘሮ እቴነሽ የነፍስ አባት ናቸው። እሁድ ሽማግሌ ሆነው የሚመጡትም እሳቸው ናቸው።

«ይኼ ከተሰማ እናቴ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የምትቆምበት ዓይን የላትም» አለ። «ፊልሙን እንዳታይ እንኳ እኔ ነኝ የከለከልኳት። ማይልኝ።»

«ማርያምን! ከአፌ አይወጣም።»

ደስ አላት፤ እውነት ነው፣ በሰው ሐዘን ደስ አላት። አለበል ያን ክፉ ነገር አልሠራውም፤ ተሠርቶበት ነው። ግን ደስታው መንገዱን እንኳ ሳይጨርስ ሌላ ጭንቀት ተተካ።

«አባቴ እኮ እሁድ አንተንም ጠርተው ይኼንኑ ሊጠይቁህ ነው፤ ታዲያ ምን ልትላቸው ነው? ዳይሬክተሩ አዘዘኝ በልና ተገላገል!»

«ለአባትሽ ተውኜላቸው ላግባሽ? ያኔማ እኔን አለማመናቸው ልክ ነበር ማለት ነው።»

እሁድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ፣ ቄስ ወልደ ዮሐንስና የአለበል ጎረቤት አቶ ነጋ፣ አያ ክንዱ ቤት ገብተው እንደ ደንቡ ቆሙ። የመጡበት ጉዳይ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጡም። አለበል ከኋላቸው ቆሟል። ዓይናዲስ ከእናቷ ከወይዘሮ ሸዋረግ ጋር ጓዳ ሆና በመጋረጃው ስንጥቅ ታያለች።

«እናንተን አከብራለሁ» አሉ አያ ክንዱ። «መጀመሪያ ግን ልጁን ልጠይቅ። ያን ሕፃን ሹራቡን ቆልፈህለት የሄድከውን ከየት አመጣኸው?»

«ልመልስልዎ አልችልም» አለ አለበል።

«ኧረ አያ ክንዱ፣ ፊልም እኮ ነው!» አሉ አቶ ነጋ። «ጥሩ ስለሠራው አይደል የተሸለመው?»

«እኔም የፈራሁት ጥሩ ስለሠራው ነው።»

ቄስ ወልደ ዮሐንስ ወደ አለበል ዞሩ። «ልጄ፣ መልስላቸው እንጂ! ምን የሚያስፈራ ነገር አለው?»

አለበል ቄሱን አየ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን አየ። «ይቅር ይበሉኝ፣ አባ» አለ።

አያ ክንዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲያው እኔም የምሰጠው መልስ የለኝም።»

አቶ ነጋ ኩታቸውን አስተካከሉ። ሊወጡ ነው። ዓይናዲስ፣ እናቷ «ኧረ ተይ! ተይ አንቺ ልጅ!» እያሉ ሲጎትቷት፣ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሽማግሌ ፊት ልጅት ስትወጣ እዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም።

«አባዬ፣ ከየት እንዳመጣው እኔ አውቃለሁ። ነግሮኛል።»

«እንግዲያው ንገሪና እንስማ።»

«አልናገርም። የእሱ ብቻ ነገር አይደለም።»

«እኔ አባትሽ አይደለሁም?»

«ነህ እንጂ። ይኼ ግን ያንተ አይደለም።» ወደ አለበል ጠቆመች። «እየው እስቲ! አንድ ቃል ቢናገር እንደምትድረኝ የማያውቅ መሰለህ? ያውቃል። ሰው እንዳይዋረድበት ብሎ ነው ዝም ያለው፤ እኔን ሊያጣ እኮ ነው! ጥሎ የሚሄድ ዓይነት ቢሆን መጀመሪያ የሚጥለው ያን ሰው ነበር።»

ዓይናዲስ ወደ ቄሱ ላለማየት ስትል ጥፍሮቿን መዳፏ ውስጥ ቀበረች። አብዝታ ተናግራ ይሆን? ቄስ ወልደ ዮሐንስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

አያ ክንዱ አለበልን አዩት። ብዙ አዩት። አለበልም ዓይኑን አልሰበረም፤ ግን ፊቱ ያን ቀን ምንም አያምርም ነበር፤ ከንፈሩ ደርቋል፣ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶታል። እንዲያ ቆሞ ተዋናይ ነው ቢሉት ማንም አያምንም።

«ቆማችሁ ደከማችሁ» አሉ አያ ክንዱ። «ተቀመጡ።»

ወይዘሮ ሸዋረግ ጓዳ ሆነው እልልታቸውን አቀለጡት።

ጠላው ሲቀዳ ዓይናዲስና አለበል ደጅ ወጡ።

«አሁንም ትፈሪኛለሽ?» አላት።

«እፈራሃለሁ።»

«ልማልልሽ?»

«አትማል። ስትምልም ያምርብሃል።»

ሳቀ፤ ዓይኖቹ ግን እንባ አቅርረው ነበር። «ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ምንም አታሳየኝ» አለችው እጁን ይዛ። «አጠገቤ ኑር። እኔው አያለሁ።»