የነገሥታቱ ገዳም ጉብኝት ኮሚቴ

ስብሰባው ላይ ያልተገኙት ሁለት መምህራን ብቻ ስለነበሩ ሥራው እነሱ ላይ ወደቀ። ርዕሰ መምህሩ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን የነገሥታቱን ገዳም እናስጎብኝ ማለት ከጀመረ ቆይቷል፤ ኃላፊነቱን የሚወስድ ግን ጠፍቶ ነበር። በማግስቱ የጂኦግራፊ መምህርቷና የኬሚስትሪ መምህሩ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «የጉብኝት ኮሚቴ» ተብለው ተለጠፉ።

እሷ በጠዋቱ ፈረቃ፣ እሱ በከሰዓቱ ነበር የሚያስተምሩት። በአንድ ግቢ ዓመታት ሲሠሩ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ ከአንገት ሰላምታ አላለፉም። ተማሪዎቹ እሷን «ካርታ» ይሏታል፤ ጥቅል ካርታ ብብቷ ሥር ሳትይዝ ስለማትታይ። ለእሱ ግን ቅጽል ስም የሚያስወጣ ነገር ፈልገው አጥተውበታል።

በምሳ ሰዓት፣ አንዱ ፈረቃ ሲያበቃና ሌላው ሳይጀምር፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ ተገናኙ። ብልቃጥ እያጠበ ጠበቃት።

«እርስዎ አውቶቡሱን ቢይዙ፣ እኔ ደግሞ ከገዳሙ ጋር...» አለ፣ ፊቱን ከቧንቧው ሳያዞር።

«ምነው አስረጀኸኝ? አንቺ በለኝ እንጂ።»

«እሺ። አንቺ አውቶቡሱን...»

«አውቶቡሱን አንተ ያዝ። እኔ ከሾፌር ጋር መከራከር አልችልም፤ ድምፄ ይሰበራል።»

ቀና ብሎ አያት። የሚሰበር ድምፅ አይመስልም ነበር። ግን እሺ አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየምሳው ይገናኙ ጀመር። መኪና የሚያስመልሳቸው ልጆች የት ይቀመጡ? ዝናብ ቢመጣ የት ይጠለላሉ? ዳቦው ከዚህ ይሂድ ወይስ ከመንገድ ይገዛ? ለአንድ ሳምንት የሚበቃ ዕቅድ ወር አለፈው። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፤ አንዳቸውም አላነሱትም። አንዳንድ ቀን የሚነጋገሩበት ነገር ያልቅና እሷ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋውን ካርታ ታያለች፤ እሱ እሷን ያያል። ደወሉ ሲደወል ሁለቱም እንደተያዘ ሌባ ይደነግጣሉ።

መንገዱን አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል ያለችው እሷ ናት። አንድ ቅዳሜ በሕዝብ አውቶቡስ ሄዱ፤ ከዚያ ኮረብታውን በእግር ወጡ። በር ላይ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ተቀበሏቸው።

«ከዚህ በር ወዲያ አይወራም» አሉ መነኩሴው።

«አባ፣ የምናመጣቸው እኮ የስምንተኛ ክፍል ልጆች ናቸው» አለች።

መነኩሴው ጥቂት አሰቡ። «እንግዲያው እንጸልያለን» አሉ።

መጨረሻ ላይ ወደ መቃብሮቹ ወሰዷቸው። ሁለት ሰፋፊ ድንጋዮች ጎን ለጎን ተኝተዋል። ንጉሡ ዙፋኑን ለልጁ ትቶ እዚህ መነኮሰ፤ ንግሥቲቱ ከኮረብታው ግርጌ ካለው የሴቶች ገዳም ገባች። በሕይወት ሳሉ ዳግመኛ አልተያዩም። ስትሞት ግን አምጥተው አጠገቡ ቀበሯት። መነኩሴው ይህን የተናገሩት በሹክሹክታ ነው።

«ተስማምተው ነው የተለያዩት?» ስትል እሷም በሹክሹክታ ጠየቀች።

«እሱን የነገረን የለም፣ ልጄ።» ሁለቱን ተራ በተራ አዩዋቸው። «እናንተስ አብራችሁ ናችሁ?»

«የጉብኝት ኮሚቴ ነን» አለ እሱ።

በሩን እስኪወጡ አፏን በነጠላዋ አፍና ቆየች። ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ሳቋ አመለጣት፤ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እሱም በመጨረሻ ሳቀ። አውቶቡስ ውስጥ ትከሻው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ክንዱ ቢደነዝዝም ከተማ እስኪገቡ አላንቀሳቀሰውም።

እናትና አባቷ ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ ነው። ከአንድ ባልደረባው ጋር የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ነበራቸው። ባልደረባው እህቱን እንዲድርለት ጠይቆት፣ ወንድሟ ቃሉን ሰጥቶ ነበር። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ጨዋ ነው፤ ለእምቢታ የሚያመች እንከን አልተገኘበትም። እሷም ነገሩ ሲነሳ እሺም እምቢም ሳትል ቆየች። ዝምታዋን ወንድሟ እንደ እሺታ ቆጠረው።

ወሬው ከትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ጆሮ ደረሰ። ከጸሐፊዋ ጆሮ የደረሰ ነገር ደግሞ ግቢው ውስጥ ሳይዞር አይቀርም። «ካርታን ልንድራት ነው!» አለችው የኬሚስትሪ መምህሩን፣ መልካም ዜና የነገረችው መስሏት።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ቆሞ ጠበቃት።

«ዕቅዱ አልቋል። ከእንግዲህ በየቀኑ መገናኘት የሚያስፈልገን አይመስለኝም።»

«አልቋል?»

«አልቋል።»

ካርታዋን ጠቅልላ ወጣች። ለካ ሸክም ሆኜበት ኖሯል፣ ብላ አሰበች። ለካ ሳይጨንቃት ስታሾፍብኝ ነበር፣ ብሎ አሰበ። ሁለቱም እንዳሰቡት ሰነበቱ።

ጉዞው በቀረበ ጊዜ ወደ ወንድሟ ሱቅ ሄደች። ሚስማር እየመዘነ ነበር።

«ጋሼ፣ የዚያ ሰው ነገር አይሆንም።»

ሚዛኑን ተወው። «ሌላ ሰው አለሽ?»

«የለኝም።» እውነቷን ነበር።

«ታዲያ ምን ጎደለው?»

«ምንም። እኔ አልፈልግም። ቀደም ብዬ መናገር ነበረብኝ።»

«ቃሌን ሰጥቻለሁ እኮ፣ እመቤት!»

«የሰጠኸው የእኔን ቃል ነው፣ ጋሼ።»

ወንድሟ ሚስማሩን ወደ መመዘኑ ተመለሰ።

የጉዞው ቀን እሷ ከፊተኛው አውቶቡስ፣ እሱ ከኋለኛው ተሳፈሩ። ገዳሙ ግቢ ውስጥ ያ ሁሉ ተማሪ ትንፍሽ ሳይል ዞረ፤ መነኩሴው ራሳቸው ማመን አቃታቸው። ወጥተው ልጆቹ ዳቦአቸውን መብላት ሲጀምሩ እሱ ወደተቀመጠችበት ድንጋይ መጣ።

«እንኳን ደስ አለሽ ሳልልሽ ቀረሁ» አለ።

«በምኑ?»

«ልታገቢ ነው ተብሎ...»

«ማን አለ?»

«ጸሐፊዋ።»

«እንግዲያው ጸሐፊዋ ታግባው!»

አፈጠጠባት። እሷም ጥቂት ቆይቶ ነገሩ ገባት።

«ዕቅዱ አለቀ ያልከኝ ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«አንተ ሰው፣ መጠየቅ ምን ገደደህ? አፍ የለህም?»

«ምን ብዬ ልጠይቅሽ? ምንሽ ነኝና?»

የያዘችውን ዳቦ ጭኗ ላይ አኖረችው። «አሁን ጠይቀኝ» አለችው።

ጠየቃት። ምን ብሎ እንደጠየቃት ልጆቹ አልሰሙም። እሷ በእጇ ትከሻውን ገፋ ስታደርገው አዩ። እጇ ግን ከትከሻው አልወረደም፤ እሱንም አዩ።

ነገሩ ግን ያለ ዋጋ አልሆነም። የወንድሟ ባልደረባ ሳይጣላ፣ ሳይከራከር ድርሻውን ወስዶ ከሱቁ ወጣ፤ ሱቁም ግማሹ ባዶ ቀረ። ወንድሟ ሠርጋቸው ላይ ተገኝቶ፣ መርቆ፣ ቀድሞ ሄደ። መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ደህና ናችሁ ይላል፤ ቤታቸው ግን አይመጣም። ቤታቸው ከወንድሟ ሱቅ ትይዩ ያለች ሁለት ክፍል ነበረች፤ መስኮቶቿ ያበጡና የማይገጥሙ። ካርታ ስለ ወንድሟ ለባሏ ብዙ አላወራችም። ባሏም አልጎተጎታትም።

ዝናቡ በከበደበት ሰሞን አንድ ቀን በሩ ተንኳኳ። ወንድሟ ነው፤ መላጊያና መዶሻ ይዟል። ከሱቁ በር ሆኖ መስኮቱ በነፋስ ሲማታ በየቀኑ ያያል።

«ባልሽ እጅ የለውም እንዴ?»

«አለው። ግን ኬሚስት ነው።»

«ይታያል።»

መስኮቱን ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ አጋደመውና መላግ ጀመረ። እሷ ጫፉን ያዘችለት።

«ለመሆኑ...» አለ፣ ዓይኑን ከእንጨቱ ሳያነሳ፣ «ደስ ብሎሻል?»

«ደስ ብሎኛል፣ ጋሼ።»

መስኮቱን መልሶ አስገባው። ዘጋው፣ ከፈተው፣ እንደገና ዘጋው። ገጠመ።

ባሏ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። ይግባ፣ ይመለስ ግራ ገባው።

ወንድሟ ገልመጥ አድርጎ አየው፤ ከዚያም መዶሻውን ዘረጋለት።

«ምን ትገተራለህ? ና ይህን ያዝ» አለው። «አንድ መስኮት ይቀረናል።»