ጆጉና ፓምፑ

ሚጡ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የአባቷ ፀጉር ቤት ወለል እንደገና ውሃ አቁሮ ነበር። አባቷ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ትቶት የኤሌክትሪክ ማከፋፈያውን ነቅሎ ካፖርት መስቀያው ላይ ያንጠለጥላል። የአክስቷ ልጅ ደግሞ ከዓሣ ገንዳው ሥር ተንበርክካ በጨርቅ ትወለውላለች።

«ፓምፑ ዛሬም አልቆም አለሽ?» አለች ሚጡ። ያዘነች ለመምሰል ሞክራ ነበር፤ አልሆነላትም።

የገንዳው ውሃ በሙቀት እየተነነ ስለሚጎድል፣ ከሰዓት በኋላ በጆግ የምትሞላው ሚጡ ነበረች። በዚያች ሰዓት አባቷ መቀሱን አስቀምጦ አብሯት ዓሦቹን እያየ እንዴት እንደዋለች ይጠይቃታል። የአክስቷ ልጅ ለትምህርት መጥታ እነሱ ቤት ካረፈች ወዲህ ግን ይህ ቀረ። ልጅቷ ከባልዲ፣ ከትንሽ ፓምፕና ከአንድ ተንሳፋፊ ገንዳውን በራሱ የሚሞላ መሣሪያ ሠራች። ውሃው ሲጎድል ተንሳፋፊው ይወርድና ፓምፑን ያስነሳል፤ ሲሞላ ከፍ ብሎ ያጠፋዋል። አባቷም ለገባ ለወጣው ሁሉ «የኛ ኢንጂነር» እያለ ያሳያት ጀመር። ሚጡን ያላት «ተገላገልሽ» ብቻ ነው።

ሰሞኑን ፓምፑ አንዴ ከተነሳ አልቆም ብሏል። ኢንጂነሯ ሽቦውን ቀየረች፤ ፓምፑን ፈታ አጠበች፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሚጡ አንድም ቀን «ላግዝሽ» አላለቻትም። እንዲያውም አንጀቷ ቅቤ ጠጥቷል።

ደንበኛው ተላጭቶ ሲወጣ አባቷ ወደ ገንዳው መጣ። ውሃና ኤሌክትሪክ ቀልድ እንደማያውቁ፣ እሷን እንዳልተቆጣት፣ መሣሪያው ግን መነሳት እንዳለበት በለሰለሰ ድምፅ ለልጅቷ ነገራት። ከዚያ ወደ ሚጡ ዞረ።

«ሚጡዬ፣ ወደ ጆጋችን መመለሳችን ነው መሰለኝ።»

ደስታዋ እንዳይነቃባት ፊቷን ወደ ገንዳው አዞረች። ያን ጊዜ ነው ያየችው። አንዲት ጥቁር ቀንድ አውጣ ጥቁሩ ተንሳፋፊ ሥር ተሸጉጣ፣ ከመስተዋቱ ጋር አጣብቃ ይዛዋለች። ውሃው እስከ አፉ ሞልቷል፤ ተንሳፋፊው ግን እታች ነው። ፓምፑ ምን አጠፋ?

ሌላ ሰው አላየም። ዝም ካለች ጆጉም አባቷም የእሷ ናቸው።

የአክስቷ ልጅ ጨርቁን ባልዲው ላይ እየጨመቀች፣ ቀና ሳትል፣ «እንዲሁ በልቼ የምተኛ እንዳልመስል ብዬ ነበር እኮ የሠራሁት» አለቻት በሹክሹክታ።

ሚጡ ይቺ ልጅ በዚህ ቤት የሚጎድላት ነገር ይኖራል ብላ አስባ አታውቅም። አባቷ የፓምፑን ቱቦ ሊያወጣ እጁን ሰደደ።

«አባዬ፣ ቆይ። እንዳትነካው።» ከገንዳው ፊት ፈቀቅ ብላ ለአክስቷ ልጅ ቦታ ለቀቀችላት። «ነይ፣ እዚህ ጋ ጎንበስ በይ። ተንሳፋፊውን ከሥሩ እዪው።»

ኢንጂነሯ አየች። እጇን ነክራ ቀንድ አውጣዋን ስታላቅቃት ተንሳፋፊው ቱር ብሎ ወደ ላይ ወጣ። አባቷ ሳቀና የልጅቷን ትከሻ መታ መታ አደረገ። ሚጡን ያው የድሮው ቅናት ውስጧን ቆነጠጣት። ትንሽ ታገሰችው፤ ከዚያ የአባቷን እጅጌ ሳብ አደረገች።

«ነገ ስመጣ መቀሱን አስቀምጥና ዓሦቹን አብረን እንያቸው» አለችው። «የምሞላው ባይኖርም።»