ዘጠኝ ጥላና አንድ ደብዳቤ

ታዲዎስ ከሰገነት ላይ የወደቀው ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ እናቱ የፍልሰታን ቅዳሴ ሊያስቀድሱ በሄዱበት ነው። ካዛንቺስ፣ ከሆቴሎቹ ጀርባ በቆመው ባለ አራት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ ግርጌ ሬሳውን መጀመሪያ ያየው የሆቴል ዘበኛ ነበር። ፖሊስ መጣ፣ ለካ፣ ጻፈ፣ ሬሳውን ወደ ሆስፒታል ላከ። ሟቹ የሠላሳ አምስት ዓመት የውኃ መሐንዲስ ነው። ይሠራበት የነበረው ድርጅት ከተዘጋ ዐሥራ አራት ወር ሆኖታል፤ እጮኛውም ከተለየችው ከርማለች። ይህን የሰማ ሁሉ ራሱን አጠፋ ለማለት ሌላ ማስረጃ አላሻውም። ሰፈሩማ ከፖሊስ ቀድሞ ፈርዶ ጨርሷል።

ዓርብ ጠዋት እናቱ ወይዘሮ ወርቄ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ጣቢያ መጡ። አላለቀሱም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚለው የሰፈር ሰው ይህንንም ታዝቦባቸዋል። መርማሪዋ ኢንስፔክተር እጸገነት ፊት ተቀመጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው» አሉ። «ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም። ቄሱም የፖሊስ ቃል ካላመጣሽ አልችልም ብለውኛል። ልጄ ጸሎት ሳይደርስለት አፈር አይልበስብኝ። ሌላ የምለምንሽ የለኝም።»

«ራሱን አላጠፋም የሚሉት በምን ነው እማማ?»

«ሽሮ ሸፍኜለት ነበር። ከቅዳሴ ስትመለሺ አብረን እንቀምሳለን ብሎኛል። ሊሞት የተነሣ ሰው ሰዓት ጠብቆ ይጾማል?»

እጸገነት በሥራው ሃያ ዓመት ቆይታለች። ባሏ ከሞተ ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ምንም ነገር ዘልቆ አይነካትም። ሬሳ አይታ ምሳዋን ትበላለች፤ ቀልድ ሲነገር ሌላው መሳቁን አይታ ትስቃለች። የወይዘሮ ወርቄ ልመናም ጆሮዋ ላይ ቆመ እንጂ አልወረደም። የሽሮው ነገር ግን መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነበርና ተነሥታ ተከተለቻቸው።

እናትና ልጅ የሚኖሩት ከሕንፃው አንደኛ ፎቅ ላይ ነው። የታዲዎስ አልጋ ተነጥፏል፤ ስልኩ ትራሱ አጠገብ ተቀምጧል። ፖሊስ ሐሙስ ዕለት አይቶት፣ ሰውየው ስልኩን ትቶ ሊሞት ወጣ ብሎ መዝግቦ ሄዷል። እጸገነት ሰገነት ላይ ምን ያደርግ እንደነበር ጠየቀች። ወይዘሮ ወርቄ ሲያስረዱ፣ የሆቴሉ ዋይፋይ ቤት ውስጥ አይደርስም፤ ዘበኛው የዋይፋዩን የይለፍ ቁጥር ሹክ ብሎት ስለነበር ልጃቸው በየቀኑ እዚያ ወጥቶ ሥራ ሲፈልግ ይውላል። ከስልኩ ጋር ይወጣል፤ ከስልኩ ጋር ይወርዳል። ያለ ስልክ ወጥቶ አያውቅም።

ስልኩ ቁልፍ አልነበረውም። ከፈተችው። የሐሙስ ጥሪም መልእክትም የለም፤ ያለው ሁሉ እስከ ረቡዕ ማታ ብቻ ነው። አልጋው ሥር በተዘረጋው ምንጣፍ ላይ ደግሞ ግማሽ ተረከዝ የምታህል ልሙጥ ጥቁር እድፍ አየች። ወይዘሮ ወርቄ ምንጣፉን ረቡዕ አጥበውት ነበርና እድፉን ሲያዩ ተገረሙ።

ጠረጴዛው ላይ በመስመር ለሁለት የተከፈለ ወረቀት ነበር። በአንዱ በኩል «ልተው» ይላል፤ ከሥሩ «የእማዬ ጡረታ አይበቃም»፣ «የዶላር ካርድ የለኝም»፣ «ኃይሌ አይረባም ብሎኛል» የሚሉ ምክንያቶች ተደርድረዋል። በሌላው በኩል «ልክፈል» ይላል፤ ከሥሩ ያለው መስመር አንድ ብቻ ነው፦ «ማን ነው ዘጠኝ ጊዜ የሚያየኝ?»

ነገሩ ለእጸገነት ወዲያው ገባት። ባለሙያዎች የሚገናኙበት የሥራ ድረ ገጽ ነው፤ እሷም እዚያው ገጽ አላት። ከፖሊስ ልውጣ ብላ የከፈተችው ነው። ፕሪሚየም ግዢ የሚለው ማስታወቂያ በየሰኞው ይመጣባታል፤ ልክፈል ልተው ስትል ዓመት አልፏታል። ያልከፈለ ሰው ገጹን ማን እንዳየው በስም አያውቅም፤ ፊት የሌለው ግራጫ ጥላ ብቻ ያያል። ከማያውቀው ሰው የተላከለት ደብዳቤም አይከፈትለትም።

ስልኩን ይዛ ሰገነቱ ላይ ወጣች። ዋይፋዩ ያዘ፤ የታዲዎስ ገጽ ተከፈተ። ዘጠኝ ጥላ ተሰልፏል፤ ከሥራቸው የታሸገ ደብዳቤ አለ። ወለሉ አዲስ ሬንጅ ተቀብቷል፤ ገና አልደረቀም። ሬንጁን የቀባው ምድር ቤት ስልክ የሚጠግነው ኢተፋ ነው። ክረምቱ ሁለት ቀን ፋታ ሲሰጥ፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ ሐሙስ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት በገዛ እጁ ደፈነው። በዚያው ጠዋት ከታዲዎስ ጋር መጣላቱንም ሰው ሁሉ ሰምቷል።

ኢተፋ አልካደም። «ማለቴ፣ እስከ ነገ እንዳትረግጥብኝ አልኩት፤ ቢሮዬ ነው አለኝ። በቃ፣ ተሰዳደብን» አላት። «ስለዚያ ደብዳቤ ሲያወራ ላም አለኝ በሰማይ እያልኩ እቀልድበት ነበር። አሁን ምላሴን ብቆርጠው ደስ ይለኛል።» እግሩ ላይ በሬንጅ የጠቆረ የላስቲክ ቦቲ ነበር፤ ሶሉ ጥርስ በጥርስ ነው። እጸገነት ሶሉን ልብ ብላ አየችው።

የቀድሞ እጮኛው ሜቲ እዚያው ካዛንቺስ፣ ደመወዝ በዶላር በሚከፈልበት ዓለም አቀፍ ድርጅት ትሠራለች። እንደተጣሉ ነበር የሚታወቀው። እሷ ግን ስልኳን አውጥታ ሐሙስ ሰባት ሰዓት ከዐሥር የላከችለትን መልእክት አሳየች። የካርድ ቁጥሯ ነው፤ ከሥሩ «ክፈተው። የመጀመሪያው ወር ነጻ ነው፤ ከዚያ በኋላ እኔ አለሁ» ይላል። የብር ካርድ ድረ ገጹ ላይ እንደማይሠራ፣ ለዚህም ሦስት ወር ሲለምናት እንደቆየ ነገረቻት። መልሱም አለ፦ «አመሰግናለሁ። ስከፍተው እደውልልሻለሁ።»

«ቢሮ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ዋልኩ» አለች ሜቲ። «አሁንም እየጠበቅኩ ይመስለኛል።»

ይህ መልእክት ታዲዎስ ስልክ ላይ የለም። እጸገነት ከቴሌ የሐሙስን የጥሪ ዝርዝር አስጠየቀች። ከቢሮ ከመውጣቷ በፊት ደግሞ በራሷ ገጽ ገብታ የሦስቱንም ሰዎች ገጽ ተራ በተራ ተመለከተች፤ የኢተፋን፣ የሜቲንና ወረቀቱ ላይ «ኃይሌ» የተባለውን። ኃይለገብርኤል ከታዲዎስ ጋር በዚያው በተዘጋው ድርጅት የሠራ መሐንዲስ ነው፤ አሁን ደምበል አካባቢ ቢሮ አለው፤ መስከረም ላይ ናይሮቢ ሊቀጠር ነው። ገጹ ላይ ከሥራዎቹ ሁሉ በላይ የተቀመጠው የጨፌ የገጠር ውኃ መስመር ንድፍ ነው። በታዲዎስም ገጽ ላይ ያው ንድፍ ሰፍሯል፤ ቃል በቃል።

ቅዳሜ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ እንግዳ ሲያስቀምጥ፣ ውኃ ሲያቀርብ የነበረው ኃይለገብርኤል ነው። እጸገነት በነጠላ፣ እንደ ማንም ለቀስተኛ ገብታ ጥግ ተቀመጠች። ገና አፏን ሳትከፍት መጥቶ ጎንበስ አለ።

«ኢንስፔክተር፣ እንኳን መጡ። እንደ እርስዎ ሕግ የተማረ ሰው ጉዳዩን ስለያዘው ለእማማም መጽናኛ ነው።»

አመሰገነችው። ስለ ታዲዎስ ስትጠይቀው፣ ከተደዋወሉ ሁለት ሳምንት እንዳለፋቸው፣ ተስፋ ቆርጦ እንደነበር በሐዘን ነገራት። ስለ ፕሪሚየሙም አነሣችለት።

«ገንዘብ ማቃጠል ነው ብዬዋለሁ» አለ። «እኔ አንድ ቀን ከፍዬ አላውቅም፤ ካርዱስ ከየት ይመጣል?»

አምስት ሰዓት ላይ ወይዘሮ ወርቄ ቄሱን ሊለምኑ ወደ ደብሩ ሲሄዱ ሁሉም ተከተሏቸው። ደጀ ሰላሙን አልፈው፣ ቤተ መቅደሱ በር ላይ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ኢተፋ ጴንጤ ነኝ ብሎ ውጭ ቆመ። እጸገነትም አልገባችም፤ ከባሏ ፍትሐት ወዲህ ያንን በር ተሻግራ አታውቅም። ደረጃው ላይ ተቀምጣ የተደረደረውን ጫማ ስታይ ቆየች። ከመካከሉ አንዱ ጥቁር የቆዳ ጫማ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ገለበጠችው። ሶሉ በቤንዚን ታጥቧል፤ ተረከዙ ከሶሉ የሚገናኝባት ስንጥቅ ውስጥ ግን ሬንጅ ቀርቷል። ባለቤቱ በካልሲ ሲወጣ አይታ፣ ሁሉም ወደ ሰበካ ጉባኤው አዳራሽ እንዲገቡ አደረገች።

ቄሱ፣ ወይዘሮ ወርቄ፣ ሜቲ፣ ኢተፋና ኃይለገብርኤል አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆሙ። እጸገነት ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ የአውቶቡስ መነሻ ሰዓት እንደምትነግር ሆና ጀመረች።

«ታዲዎስ ሰገነት የሚወጣው ለዋይፋይ ነው። ስለዚህ ስልኩ እጁ ላይ ነበር። ከወደቀ በኋላ ግን ስልኩ አልጋው ላይ ተገኘ። የወደቀ ሰው ተመልሶ ስልኩን አያስቀምጥም። ያወረደው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ምንጣፉ ላይ ሬንጅ ረግጧል፤ ሬንጁ ተቀብቶ ያለቀው ስድስት ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ከሰገነቱ የወረደው ከዚያ በኋላ ነው።»

ኢተፋ ቦቲውን ተመለከተ።

«የአንተ ሶል ጥርስ አለው፤ ምንጣፉ ላይ ያለው ልሙጥ የቆዳ ጫማ ተረከዝ ነው» አለችው። «ደግሞ ስልኩ ላይ የጠፋው የሐሙስ ጥሪና የሜቲ መልእክት ነው። ሜቲ ራሷ ልካ፣ ራሷ አጥፍታ፣ ራሷ አታሳየኝም። ስልኩን ያጸዳው ሰው ታዲዎስ ካርድ እንዳገኘ፣ ደብዳቤውን ሊከፍት እንደነበር እንድናውቅ አልፈለገም። ተስፋ የቆረጠ ሰው ሆኖ እንዲቀበር ነው የፈለገው። ደብዳቤውንም ከድረ ገጹ ባጠፋው ነበር፤ ግን ዋይፋዩ ክፍሉ ውስጥ አይደርስም።»

ወደ ኃይለገብርኤል ዞረች።

«ዛሬ ጠዋት ስሜን አልነገርኩዎትም፤ ሕግ መማሬን የሚያውቅ እዚህ ሰፈር የለም። የተጻፈው ገጼ ላይ ብቻ ነው። እኔ ትናንት ገጽዎን አይቻለሁ። ያልከፈለ ሰው ጥላ ነው የሚያየው፤ እርስዎ ግን ስሜንና ፎቶዬን አይተው ተከታተሉ። ስለዚህ ይከፍላሉ፤ ካርድም አለዎት። ጓደኛዎ ካርድ አጥቶ ሦስት ወር ሲለምን አይረባም ይሉት ነበር። ዘጠኝ ጊዜ የሚያየውን ሰው እንዳያውቅ ነው። የጨፌ ንድፍ የእሱ ነው፤ ናይሮቢ የሚሄዱትም እሱን ይዘው ነው። ከተደዋወልን ሁለት ሳምንት ብለውኛል። ቴሌ ግን ሐሙስ ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ አራት ደቂቃ አውርታችኋል ይላል። ጫማዎንም ቤንዚን አላጸዳውም።»

ኃይለገብርኤል እግሩን ወደ አግዳሚው ሥር ሳበ። ክሱ ሙሉ ነበር፤ እሱ ግን የሚያየው እጸገነትን አልነበረም። ወይዘሮ ወርቄ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ ጠሩት።

«ኃይልዬ። ልጄ ዘሎ ነው?»

ኃይለገብርኤል ከአግዳሚው ተነሣ።

«አይደለም እማማ» አለ። «ደብዳቤውን አብረን እንክፈተው፣ ጠብቀኝ አልኩት። ጠበቀኝ። ስልኩን ስቀማው አልለቅም አለ። እኔ ነኝ የገፋሁት።»

ወይዘሮ ወርቄ አልጮኹም። ወደ ቄሱ ዞረው «ሰሙ አባቴ?» ብቻ አሉ። ቄሱ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብለው ልብሰ ተክህኖ ሊለብሱ ተነሡ። ፖሊሶቹ ኃይለገብርኤልን ይዘው ወጡ፤ ጫማውን ማሰር ረስቶ ነበር።

እጸገነት ሥራዋ አልቋል። ግን የታዲዎስን ስልክ ሜቲ ፊት አኖረችው። ሜቲ የራሷን ስልክ ኢንተርኔት አጋራችውና የካርዱን ቁጥር በየተራ መታች። ዘጠኙ ጥላዎች ፊት አወጡ፤ አንዲት ሴት ናት፣ ዘጠኝ ጊዜ፣ ኃይለገብርኤል ሊቀጠርበት ከነበረው የናይሮቢ ኩባንያ። ደብዳቤው ተከፈተ። እጸገነት እየተረጎመች አነበበችላቸው። የጨፌ ንድፍ ሁለት ሰው ገጽ ላይ እንዳለ፣ ዋናውን ሥዕል ሲያዩት የታዲዎስ ፊርማ ያለበት መሆኑን፣ ሰኞ ሊያነጋግሩት እንደሚፈልጉ ይገልጻል።

«መቼ ነው የተጻፈው?» አሉ ወይዘሮ ወርቄ።

«ማክሰኞ።»

«ልጄ ዓመት ሙሉ ለስንቱ ጽፎ ማንም አልመለሰለትም። ያደረቀውም ያ ዝምታ ነው። ሰው ሲጠይቅ ዝም አይባልም። ጻፊላት ልጄ። ሥራው የእሱ ነው፤ ሰኞ ግን አይመቸውም በያት። እናቱ ነች ያለችው በያት።»

እጸገነት ጻፈች። ስትጨርስ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልመጣባት ሐዘን መጣባት፤ የማን እንደሆነም ለመለየት አልሞከረችም። ከውጭ የቃጭል ድምፅ ተሰማ፤ ሬሳው ደርሷል።

ሜቲ ነጠላዋን እያስተካከለች፣ ወሩ ካለቀ ክፍያ ስለሚጀምር ምዝገባውን ከወዲሁ ልሰርዘው ወይ ብላ ጠየቀች። ወይዘሮ ወርቄ በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«መልስ ቢመጣስ ማን ያየዋል?» አሉ። «ከጡረታዬ እሰጥሻለሁ፤ ይቆይ።»

ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት።